የደገኛ ደም፦ ዲኤንኤ የኢትዮጵያን ከፍታ እንዴት አነበበ

ከከፍታ ጋር መላመድ ማለት አየር በሚሳሳበት ደጋ ለብዙ ትውልድ የኖረ ሕዝብ ሰውነቱ ለዚያ አየር መስማማቱ ነው። በዓለም ላይ ይህ በደንብ የተጠናው በሦስት ቦታ ነው፦ በቲቤት፣ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮችና በእኛው ደጋ። ስለ ቲቤት ብዙ ተጽፏል። ስለ እኛ በአማርኛ ተሰብስቦ የሚገኘው ግን ጥቂት ነው፤ ይህን ያጠናቀርኩትም ለዚህ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዲኤንኤ ታሪክ የሚይዘው እንዴት ነው?

የሰው ዲኤንኤ፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረሰው የሰውነት መመሪያ፣ 3 ቢሊዮን በሚያህሉ ፊደላት የተጻፈ ነው። የፊደሉ ዓይነት ግን አራት ብቻ ነው። አንድ ሕፃን ከእናቱም ከአባቱም ያልወረሳቸው 60 ወይም 70 ያህል አዲስ የፊደል ለውጦች ይዞ ይወለዳል። አብዛኞቹ አይጠቅሙም፣ አይጎዱምም። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ይጠቅማል። ባለቤቱ ይተርፋል፣ ይወልዳል፣ ለውጡም በልጅ ልጆቹ ይበዛል። የተፈጥሮ ምርጫ የሚባለው ይኸው ነው። ዳርዊን ሐሳቡን በ1859 በመጽሐፍ ሲያወጣ ዲኤንኤ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፤ የዲኤንኤ ቅርጽ የታወቀው በ1953 ነው።

ምርጫው አሻራ ይተዋል። ጠቃሚው ፊደል ብቻውን አይጓዝም፤ እንደ ሙሽራ ነው። ግራና ቀኙ ያሉት ጎረቤቶቹ አጅበውት ይሄዳሉ። በየትውልዱ ዲኤንኤ ሲቀላቀል አጃቢዎቹ እየተቆረጡ ይቀራሉ። ስለዚህ ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ረጅም አጀብ ይዞ ከተገኘ፣ ያ ጂን (አንድ ሥራ ያለው የዲኤንኤ ክፍል) በጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ በፍጥነት ተመርጧል ማለት ነው። አጀቡ ካጠረ ነገሩ ቆየት ብሏል።

አምባራስ

በ2002 አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች፣ አምባራስ አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። ምርመራው ቀላል ነበር። ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ ከጠብታ ደም ይታያል፤ የኦክስጅን ሙሌት፣ ማለትም ከዚያ ፕሮቲን ኦክስጅን የጫነው ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ደግሞ ጣት ላይ በምትቆነጠጥ ትንሽ መሣሪያ ይለካል። እዚያ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ በሲሶ ያህል ያንሳል። ከቆላ የመጣ እንግዳ ራሱን ይፈልጠዋል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፣ የጫማውን ክር ለማሰር ጎንበስ ሲል እንኳ ያለከልካል።

የአንዲስ ሰዎች ይህን የሚቋቋሙት ሄሞግሎቢናቸውን ከፍ አድርገው ነው፤ ደማቸው ይወፍራል፣ ሲበዛም በሽታ ይሆናል። የቲቤቶች ደም ያን ያህል አይወፍርም፤ የኦክስጅን ሙሌታቸው ግን ዝቅ ያለ ነው። የአምባራስ ሰዎች ከሁለቱም አልሆኑም። ሄሞግሎቢናቸው በአማካይ ለወንዶቹ 15.9፣ ለሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር፣ ሙሌታቸው 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይርቅ ቁጥር ነው። ሳይንስ ሦስተኛ መንገድ መኖሩን የተማረው ከሰሜን ገበሬዎች ደም ነው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ጂን ፍለጋው ቀጠለ። በ2010 በቲቤቶች ላይ ኢፓስ1 የተባለ ጂን በብርቱ እንደተመረጠ ታወቀ። በ2014 ደግሞ ያ ጂን ዴኒሶቫን ከሚባሉት ጥንታዊ ሰዎች በመዳቀል የተወረሰ እንደሆነ ተገለጠ። እኛ ዘንድ ግን ኢፓስ1 ዋናው ምክንያት ሆኖ አልተገኘም። በ2012 ሁለት ቡድኖች፣ በ2013 ሌላ ቡድን በደገኞቻችን ላይ ተመርጠዋል ያሏቸውን ጂኖች ዝርዝር አወጡ፤ ዝርዝሮቹ እምብዛም አልተገጣጠሙም። በ2014 የደገኞችን ሙሉ ዲኤንኤ ያነበበ ጥናት ወደ 19ኛው ክሮሞዞም (ክሮሞዞም ዲኤንኤ ተጠቅልሎ የሚቀመጥበት ጥቅል ነው) ጠቆመ። ተመራማሪዎቹ በዚያ ካሉት ጂኖች የሦስቱን አቻ በፍራፍሬ ዝንቦች ላይ ፈልገው የጂኖቹን ሥራ ቀነሱ። ዝንቦቹ ኦክስጅን በሳሳበት አየር ከሌሎቹ በተሻለ ተቋቋሙ። ለእኔ ከሁሉም አሳማኙ ይህ ነው፤ ሰውና ዝንብ ከተለያዩ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ሆኗቸዋልና።

በ2012 ከወጡት ጥናቶች አንዱ የአማራ ደገኞችን ከባሌ ኦሮሞ ደገኞች ጋር አነጻጽሯል። የባሌዎቹ ሄሞግሎቢን ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ ይህን ያገናኙት ከቆይታ ጋር ነው፦ አማራው በደጋ ቢያንስ 5,000 ዓመት፣ ኦሮሞው 500 ዓመት ያህል ኖሯል በሚል። የብልጫ ጉዳይ አይደለም። የ500 ዓመቱ ግምትም ከታሪክ ጽሑፍ የተወሰደ እንጂ ከዲኤንኤ የተነበበ አይደለም። የኦሮሞ ሕዝብ በባሌ ያለው ጥንታዊነት በታሪክ ሰዎች ዘንድ አከራካሪ ስለሆነ፣ ማብራሪያውን በጥንቃቄ መያዝ ይሻላል። የሯጮቻችን ድል ከእነዚህ ጂኖች ነው የሚለው ወሬም አልተረጋገጠም።

ፊንጫ ሃበራና ባይራ

ሰው ባሌ ተራራ ላይ መውጣት የጀመረው ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ 3,469 ሜትር ላይ ባለው የፊንጫ ሃበራ ዋሻ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ ነበር። ምግባቸው በአብዛኛው እሳት ላይ የተጠበሰ ትልቁ የባሌ ፍልፈል ነበር።

ከአፍሪካ ጥንታዊ ሰው ሙሉ ዲኤንኤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበውም እዚሁ ነው። በጋሞ ደጋ፣ በሞታ ዋሻ (ከጎጃሙ ሞጣ ጋር አይምታታ)፣ በ2012 የአንድ ወንድ አፅም ተቆፍሮ ወጣ። ዕድሜው 4,500 ዓመት ያህል ነው። ስሙን ባይራ አሉት፤ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው። ዲኤንኤው የተገኘው ከጆሮ ሥር ካለው፣ በሰውነት ውስጥ እጅግ ጠንካራ ከሆነው አጥንት ነው። የዋሻው ቅዝቃዜም አቆይቶታል። በ2015 ሲታተም፣ ባይራ በዛሬ ደገኞች ላይ የተመረጡ ናቸው የተባሉ ሦስት የከፍታ ለውጦችን ይዞ ተገኘ። ወተት በጉልምስና ለመፍጨት የሚረዱት የታወቁ ለውጦች ግን አልነበሩትም። ከዛሬ ሕዝቦች በጣም የሚቀርበው ለደቡብ ኢትዮጵያው የአሪ ሕዝብ ነው። ጥናቱ ከምዕራብ ዩሬዥያ (ከመካከለኛው ምሥራቅና ከአውሮፓ ወገን) የተመለሱ ሰዎች ውርስ መላው አፍሪካን አዳርሷል ብሎም ነበር። በ2016 መጀመሪያ ላይ ደራሲዎቹ ራሳቸው የኮምፒውተር ስሌት ስህተት አግኝተው አረሙት፤ ውርሱ ጎልቶ የሚታየው በምሥራቅ አፍሪካ ነው።

ወተት

የወተት ለውጦቹ በኢትዮጵያ አርብቶ አደሮች ዘንድ አንድ ሳይሆኑ ብዙ ናቸው። በ2013 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር እንዳሻው በቀለ የተሳተፉበት ጥናት፣ ምርጫው በአንድ ጊዜ በብዙ መንገድ መሄዱን አሳይቷል።

ጭላዳ

ደጋው የመረጠው ሰውን ብቻ አይደለም። በ2022 የጭላዳ ዝንጀሮ ሙሉ ዲኤንኤ ታተመ። የሰሜን ተራሮቹ ጭላዳዎች 44 ክሮሞዞም ሲኖራቸው፣ የመካከለኛው ኢትዮጵያዎቹ 42 ናቸው፤ አንዱ ክሮሞዞም ለሁለት ተከፍሏል። ሄሞግሎቢናቸው የተለየ የፕሮቲን ቅንብር ቢኖረውም ኦክስጅንን አጥብቆ አይዝም፤ መጠኑም በከፍታው ምክንያት አልጨመረም። እንደ አምባራስ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ደማቸው አልወፈረም። ደረታቸው ግን ሰፊ ነው።