በአረቄ በርሜል የቆየ የጀርመን ቦክ ቢራ፦ አመጣጡ፣ አሠራሩና አቀማመሱ

ቦክ ጀርመኖች ከሚጠምቋቸው ቢራዎች መካከል ብርቱው ወገን ነው። ብቅሉ ይበዛል፣ ምሬቱ ያንሳል፣ አልኮሉ ከተራው ቢራ ከፍ ይላል፤ ከፈላ በኋላም በቅዝቃዜ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቀመጣል። ባለፉት አሥርት ዓመታት አንዳንድ ጠማቂዎች ይህንኑ ቢራ ጠርሙስ ውስጥ ከማሸጋቸው በፊት ዊስኪ፣ ሩም፣ ኮኛክ ወይም ሌላ አረቄ ተቀምጦበት በነበረ የኦክ በርሜል ውስጥ ያቆዩታል። የሚወጣው መጠጥ ለጥም የሚጠጣ አይደለም፤ በትንሽ ብርጭቆ፣ በዝግታ፣ አብዛኛውን ጊዜም አንዱን ጠርሙስ ለሁለትና ለሦስት ተካፍለው የሚቀምሱት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአይንቤክ እስከ ሙኒክ

ቦክ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ባቫሪያን ነው። መነሻው ግን በሰሜን፣ በታችኛው ሳክሶኒ የምትገኘው አይንቤክ ናት። ይህች ትንሽ ከተማ በመካከለኛው ዘመን የሃንዛ የንግድ ከተሞች ማኅበር አባል ነበረች፤ ቢራዋን ለውጭ ገበያ ስለ መሸጧ የሚመሰክረው፣ እስከ ዛሬ የቆየው የሽያጭ ሰነድ የ1378 ነው። የመጥመቂያው ሰታቴ የከተማው ንብረት ነበር። የመጥመቅ መብት ያላቸው ዜጎች ተራቸው ሲደርስ ሰታቴው በየቤታቸው እየዞረ ይመጣላቸዋል፤ በአሮጌዎቹ ቤቶች ላይ ዛሬም የሚታየው ከፍ ያለ ቅስት በርም ለዚሁ ማስገቢያ የተበጀ ነው። ቢራው ጠንካራ በመሆኑ ሩቅ መንገድ ሳይበላሽ ይጓዝ ነበር። ማርቲን ሉተር በ1521 በዎርምስ ጉባኤ ፊት በቀረበ ጊዜ እንኳ አንድ መስፍን የአይንቤክ ቢራ ልኮ እንዳበረታው ይተረካል።

የባቫሪያ መሳፍንት ይህን ቢራ ከሰሜን እያስመጡ መጠጣት ወጪው በዛባቸው። መስፍን ቪልሄልም 5ኛ በ1589 ሙኒክ ውስጥ ሆፍብሮይሐውስ የተባለውን የቤተ መንግሥት ቢራ ጠመቃ አቋቋመ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ደግሞ ኤልያስ ፒችለር የሚባል የአይንቤክ ጠማቂ ወደዚያው ተወስዶ የአገሩን ቢራ በሙኒክ መጥመቅ ያዘ። የአይንቤክ ስም በባቫሪያውያን አፍ እያጠረ ሄዶ «ቦክ» ቀረ፤ ይህም በጀርመንኛ የአውራ ፍየል መጠሪያ ስለሆነ በጠርሙሶቹ ላይ ፍየል የማይታይበት ጊዜ ጥቂት ነው። አይንገር የተባለው ቢራ ፋብሪካ «ሴሌብራቶር» በሚለው ቢራው አንገት ላይ ትንሽ ነጭ የፕላስቲክ ፍየል ያንጠለጥላል።

ከቦክ የሚብሰው ዶፕልቦክ የገዳም ልጅ ነው። ከጣሊያን የመጣው የፓውላነር ማኅበር መነኮሳት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሙኒክ አጠገብ ባለው ገዳማቸው ጠመቃ ጀመሩ። ፈሳሽ ጾም አይሽርም በሚለው የካቶሊክ ልማድ መሠረት በዐቢይ ጾም ወቅት ወፍራምና ብርቱ ቢራ እየጠጡ ይውሉ ነበር። ጾም ማለት ከእህልም ከውኃም መታቀብ መሆኑን ይዞ ላደገ አንባቢ ነገሩ ጾምን ከማቅለል አልፎ የሄደ ሊመስለው ይችላል። የሆነው ሆኖ «ሳልቫቶር» የተባለው ቢራ የተወለደው ከዚያ ነው። ሌሎች ጠማቂዎችም ስሙን እየተከተሉ ኦፕቲማቶር፣ ማክሲማቶር፣ ትሪዩምፋቶር የሚሉ ስሞችን አወጡ፤ መጨረሻው «አቶር» የሆነ ቢራ ያየ ሰው ዶፕልቦክ መሆኑን ሳይቀምስ ያውቃል። ዛሬም በየዓመቱ በጾሙ ወራት ሙኒክ ውስጥ ኖክሐርበርግ በሚባለው ስፍራ አዲሱ ሳልቫቶር ሲከፈት ፖለቲከኞች ፊት ለፊት እየተቀለደባቸው ይስቃሉ፤ ቢያንስ የሚስቁ ይመስላሉ።

በጀርመን ደንብ አንድ ቢራ ቦክ ለመባል ከመፍላቱ በፊት ያለው የብቅል ጭማቂ በ100 ግራም ውስጥ ቢያንስ 16 ግራም የሟሟ ነገር፣ በአብዛኛው ስኳር፣ መያዝ አለበት። ለዶፕልቦክ ዝቅተኛው ልክ 18 ነው። አልኮሉ በቦክ ከ6 በመቶ በላይ ይጀምራል፤ ዶፕልቦክ ብዙ ጊዜ ከ7 በመቶ በላይ ነው። ሦስተኛው ወገን አይስቦክ ቢራውን በከፊል አቀዝቅዞ በረዶውን በማውጣት የሚሠራ ነው፤ ውኃው በረዶ ሆኖ ሲለይ አልኮሉና ጣዕሙ ይጠነክራል። በኩልምባህ ከተማ ይህ ሥራ የተገኘው አንድ ተለማማጅ በክረምት ሌሊት በርሜል ውጭ ረስቶ በማደሩ ነው ይባላል። ተለማማጁ ቢቀጣም ቢራው ግን ተወደደ።

ከእንጨት ሽሽት ወደ እንጨት ፍለጋ

የጀርመን ጠማቂ ለብዙ መቶ ዓመታት ቢራውን በእንጨት በርሜል ቢያስቀምጥም እንጨቱ ቢራውን እንዲነካ አይፈልግም ነበር። የበርሜሉ ውስጥ በጋለ ዝፍት ይለበጥና ቢራው ከኦክ ጋር ሳይገናኝ ይኖራል። ዓላማው የጠራ ጣዕም ነበር፤ በኋላ ብረትና አሉሚኒየም ሲመጡ ይኸው ዓላማ በቀላሉ ተሳካ። ስለዚህ አንድ የባቫሪያ ጠማቂ ዛሬ ዝፍት ያልነካው፣ አረቄ የጠጣ በርሜል ገዝቶ ቦክ ሲሞላበት አባቶቹ ሲሸሹት የኖሩትን ነገር በገንዘቡ እየፈለገ ነው። በወይራ ጢስ የታጠነ ጋን ለጠላ የሚሰጠውን ቃና የሚያውቅ ሰው ዕቃ መጠጥን እንደሚለውጥ ማስረጃ አይሻም፤ «ላገር» የሚባለውን በቅዝቃዜ የሚፈላ ቢራ ለሚጠምቀው ጀርመናዊ ግን ይህ አዲስ ትምህርት ነበር።

ትምህርቱ የመጣው ከአሜሪካ ነው። የአሜሪካ ሕግ ቡርቦን ዊስኪ ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ ዕቃ ብቻ እንዲቀመጥ ያዝዛል። በርሜሉ ለሌላ ቡርቦን ዳግመኛ ስለማያገለግል፣ 200 ሊትር ገደማ የሚይዙ በርሜሎች በብዛት ለገበያ ይወጣሉ። ከፊሎቹ ለስኮትላንድ ዊስኪ፣ ከፊሎቹ ለሩም፣ ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ለቢራ ይሸጣሉ። ቺካጎ የሚገኘው ጉስ አይላንድ የተባለ ጠማቂ ስታውት የሚባለውን ጥቁር ቢራውን በቡርቦን በርሜል ማቆየቱ ለብዙ ጠማቂዎች ፈር የቀደደ ሥራ ሆነ። ጀርመኖች ዘግይተው ቢገቡም የራሳቸውን ብርቱ ቢራ ይዘው ገቡ። በላይኛው ባቫሪያ ያለው ካምባ ባቫሪያ ቦክና ዶፕልቦክን በተለያዩ የአረቄ በርሜሎች አቆይቷል፤ በሚልተንበርግ ያለው ፋውስት ደግሞ አይስቦኩን በእንጨት በርሜል ያበስላል። በኬልሃይም ያለው ሽናይደር «አቬንቲኑስ» የተባለውን፣ ከ1907 ጀምሮ የሚጠመቀውን የስንዴ ዶፕልቦክ በወይን በርሜል አስቀምጦ ያወጣል፤ ይህ የአረቄ ሳይሆን የወይን ቤተሰብ ነው፣ ግን ለማነጻጸር ጥሩ ነው። ባምበርግ ያለው ሽሌንከርላ ሌላ መንገድ ይዟል፤ ብቅሉን ራሱን በኦክ ጢስ አጥኖ «አይሄ» የሚባል ዶፕልቦክ ይጠምቃል። በርሜል የሌለበት ኦክ ማለት ነው።

የ1516ቱ የባቫሪያ የንጽሕና ሕግ በዚህ ሥራ ላይ ጥላውን ይጥላል። ቢራ ከውኃ፣ ከብቅል፣ ሆፕ ከሚባለው መራራ አበባና ከእርሾ ብቻ እንዲሠራ በሚፈልግ ባህል ውስጥ በርሜል ዕቃ እንጂ ቅመም አይደለም ተብሎ ይታለፋል። አረቄ ቀድቶ መጨመር ግን መጠጡን ከቢራ ያስወጣዋል። ስለዚህ ጥንቁቅ ጠማቂ በርሜሉን እስከ መጨረሻ ጠብታ ያንጠፈጥፈዋል፤ የቀረው በእንጨቱ ውስጥ የሰረገው አረቄ ነው፣ እሱም ጥቂት ሊትር ሊሆን ይችላል።

በርሜሉ ምን ያደርጋል?

ቦክ ለዚህ ሥራ የሚስማማበት ምክንያት ብቅሉ ነው። ጠማቂዎች ሙኒክ የሚባለውን፣ በምድጃ ላይ ጠንከር ብሎ የደረቀ ብቅል ይጠቀማሉ። በጥንታዊው አሠራር በሙቅ ውኃ ከተለወሰው ብቅል ከፊሉ ተቀንሶ ለብቻው በእሳት ይፈላና ተመልሶ ይደባለቃል፤ በዚህ ጊዜ የዳቦ ቅርፊት፣ የተጠበሰ ለውዝና የካራሜል ጣዕም ይፈጠራል። ሆፑ ጣፋጭነቱን ለማመዛዘን ያህል ብቻ ይገባል። የላገር እርሾ በቅዝቃዜ ስለሚሠራ የፍራፍሬ ሽታ አያበዛም። ውጤቱ ሰፊ፣ ለስላሳና ባዶ ቦታ ያለው ጣዕም ነው፤ ኦኩ የሚገባው በዚያ ባዶ ቦታ ነው።

በከሰለ ኦክ ውስጥ የእንጨቱ ሊግኒን በሙቀት ተሰብሮ ቫኒሊንን ይሰጣል፣ የቫኒላ ሽታ ከዚያ ነው። ላክቶን የሚባሉት ውሁዶች ኮኮናትን ያስታውሳሉ፤ በአሜሪካ ኦክ ላይ ይበረታሉ። የእንጨቱ ስኳሮች ተቃጥለው ካራሜል ይሆናሉ። ታኒን ደግሞ በአውሮፓ ኦክ ይበዛል፤ ምላስን ጨበጥ አድርጎ ጣፋጩን ይገራል። ከዚህ ሁሉ ጋር አረቄው ራሱ ይወጣል፣ የቢራውም አልኮል በአንድ ወይም በሁለት በመቶ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው። በእንጨቱ ቀዳዳ የሚገባው ጥቂት አየር ቢራውን ወደ ዘቢብና ወደ ሼሪ ወይን ጠረን ይወስደዋል።

ቆይታው ብዙ ጊዜ ከሦስት ወር እስከ አንድ ዓመት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቢራ የሚሞላበት በርሜል አረቄውን በኃይል ይሰጣል፤ በሁለተኛው ዙር እንጨቱ ብቻ ይቀራል፣ ከዚያም በኋላ የጀርም አደጋው ይጨምራል። ሁለት በርሜሎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዓይነት ስለማይሆኑ ጠማቂው እየቀመሰ ያደባልቃል፤ አንዳንዴም በርሜል ያልነካው ቦክ ይጨምርበታል። ይህ መደባለቅ ብዙም የማይወራለት ቢሆንም ከጥምቀቱ የማያንስ ጥበብ ነው። ቢራው ከበርሜል ሲወጣ ጋዙን ስለሚያጣ ከመታሸጉ በፊት መልሶ ይሰጠዋል፣ ወይም ጠርሙስ ውስጥ ዳግመኛ እንዲፈላ ይደረጋል።

ቅምሻው

ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው የሚቀመስ የበርሜል ቦክ ጣፋጭ አልኮል ብቻ ይመስላል። በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ተጀምሮ ብርጭቆው ውስጥ ወደ 14 እና 15 ሲሞቅ ነገሩ ይገለጣል። ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን፤ የሙኒኩ ባለአንድ ሊትር ኩባያ ለዚህ አይሆንም። ለአንድ ሰው 100 ወይም 150 ሚሊ ሊትር ይበቃል።

መልኩ ከጥቁር ቡኒ እስከ ቀይ ዳማ ይሄዳል፤ ወደ ብርሃን ሲያዙት ዳሩ ላይ ቀይ ይፈነጥቃል። አረፋው ከተራው ቦክ ያነሰና ቶሎ የሚወርድ ነው፣ ይህም ጉድለት አይደለም። ሽታውን በሁለት ጊዜ ማንሳት ይጠቅማል። መጀመሪያ ብርጭቆውን ሳያወዛውዙ ሲያሸቱት አረቄው ይቀድማል፦ ቡርቦን ከሆነ ቫኒላና ኮኮናት፣ ሩም ከሆነ ሞላሰስና የበሰለ ሙዝ፣ ኮኛክ ከሆነ ዘቢብና የደረቀ ፍራፍሬ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ብርጭቆውን አዙረው ሲመለሱበት ደግሞ የዳቦ ቅርፊቱ፣ ፕሪሙ፣ የተጠበሰው ለውዝ መታየት አለበት። ሁለተኛው ካልመጣ በርሜሉ ቢራውን ውጦታል ማለት ነው።

ለእኔ የዚህ መጠጥ ፈተና ይኸው ነው። ቦክ በንጽሕናውና በብቅሉ የሚታወቅ ቢራ በመሆኑ ከአረቄው ሥር ሊገኝ ይገባል፤ ዊስኪ ብቻ የሚሸት ቦክ ለገዛው ሰው ጠርሙስ ዊስኪ ይሻለው ነበር። ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በርሜሉ ውድ ስለሆነ ጠማቂው ዋጋውን ሁሉ ሊያወጣበት ይፈልጋል። የስኮትላንዷ የአይላ ደሴት በረግረግ አፈር ጢስ የታጠነ ብቅል የምትጠቀምባቸው ዊስኪዎች በርሜል ከሁሉም አስቸጋሪው ነው፤ የመድኃኒት ቤት የሚመስለው ጢሱ ካራሜሉን ያስረሳል። ኮኛክና ሩም ግን ከዶፕልቦክ ጋር የተፈጠሩ ይመስላሉ። ነጣ ያለው የጸደይ ቦክ ለበርሜል ቀጭን ነው፤ ኦኩ ጎልቶ እንጨት እንደ ማኘክ ይሆናል። አይስቦክ ጉልበቱ ቢፈቅድለትም አልኮል በአልኮል ላይ ሲደረብ በቀላሉ ያቃጥላል።

በአፍ ውስጥ ጎንጨት አድርጎ ለአፍታ መያዝ ያስፈልጋል። ጣፋጩ ይቀድማል፣ አልኮሉ ሙቀት ሆኖ ይከተላል፣ በመጨረሻ ታኒኑ ምላስን ደረቅ አድርጎ ቀጣዩን ጉንጭ ያስመኛል። ሙቀቱ ደረት ላይ ቢሰማ ደህና ነው፤ ጉሮሮ ላይ ቢያቃጥል ቢራው ገና ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ወይም የኮምጣጤ ስለት ካለ በርሜሉ ውስጥ ያልተጋበዘ ጀርም ገብቷል። የረጠበ ካርቶን ጠረን አየር እንደበዛበት ያመለክታል። ሶያ ሶስ የሚመስል ጨዋማ ጥቁር ጣዕም ከሞተ እርሾ ይመጣል፣ በጥቂቱ ግን አንዳንዶች ይወዱታል።

ከምግብ ጋር ሲሆን በወተትና በክሬም የበለጸጉ ያረጁ አይቦች፣ ሰማያዊ ሻጋታ ያላቸውን ጨምሮ፣ ይስማሙታል። የጥቁር ቸኮሌት ኬክና ከአጥንቱ ጋር ለረጅም ሰዓት የተጠበሰ ሥጋም እንዲሁ። በርበሬ የበዛበት ምግብ የአልኮሉን ማቃጠል ስለሚያባብሰው ለዚህ ቢራ አይመከርም።

ጠርሙሱ ቆሞ፣ በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ቢቀመጥ ለጥቂት ዓመታት ይቆያል። የሆፑ ምሬትና የቫኒላው ሽታ በጊዜ ይደበዝዛሉ፣ የዘቢቡና የሼሪው ጠረን ይጎላል፤ የበርሜሉን ትኩስ ጉልበት የሚፈልግ ሰው ግን በወጣበት ዓመት ቢከፍተው ይሻላል። አንዴ የተከፈተ ጠርሙስ ጋዙን ስለሚያጣ ለነገ አይደርም።