ወሎን በአራት ቀን? የጀማሪ መንገደኛ የተሳሳቱ ግምቶችና እውነታው

ወሎን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያይ የተነሣ ሰው የሚያወጣው ዕቅድ፣ ሰውየው ከአዲስ አበባም ይምጣ ከዋሽንግተን፣ ያው አንድ ነው። ዓርብ ደሴ ማደር፤ ቅዳሜ ጠዋት ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ከሰዓት ግሸን ማርያም፤ እሑድ መቅደላን ወጥቶ ማታ ላሊበላ መግባት፤ ሰኞ ባቲ ገበያ፤ ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ። ይህን ወረቀት ይዞ ደሴ መናኸሪያ ለወረደ ሰው ረዳቶቹ የሚያቀርቡት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ኮንትራት ነው?» በኮንትራትም አይሆንም።

«ካርታው ላይ እኮ ቅርብ ነው።»

የጥፋቱ ሁሉ እናት ይህች ናት። ስልኩ ላይ ደሴ፣ ግሸን፣ መቅደላና ላሊበላ አንድ አውራ ጣት ይሸፍናቸዋል። ደሴና ላሊበላ በአሞራ በረራ ቢለኩ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆኑ ነው። በመኪና ግን ከደሴ ወልዲያ 120፣ ከወልዲያ በጋሸና ዞሮ ላሊበላ 180 ያህል፣ በድምሩ 300 ኪሎ ሜትር ይመጣል። አሞራ ለሆነ ሰው ዕቅዱ ትክክል ነው።

«በኩታበር አቋርጬ በደላንታ ብወጣስ?» የሚል ብልጥም አይጠፋም። መንገዱስ አለ። ግን በኩታበርና በደላንታ መካከል የበሽሎ ሸለቆ ተጋድሟል፤ ከደጋው እስከ ወንዙ ቆላ ተወርዶ ያንኑ ያህል እንደገና ይወጣል። አገሩን የማያውቅ ሰው፣ ያውም በቤት አውቶሞቢል፣ የመጀመሪያ ጉዞውን በዚህ አይጀምረውም።

ኪሎ ሜትሩን ለ80 አካፍሎ ሰዓት የሚያወጣ ሰው ወሎ ውስጥ ሁልጊዜ ይመሽበታል። ለጥንቃቄ የሚበጀው ስሌት ሌላ ነው፤ ለአስፋልቱ በሰዓት 40፣ ለጠጠሩ 20 ኪሎ ሜትር ያዙ። በሕዝብ ትራንስፖርት ከሆነ መኪና በተቀየረ ቁጥር አንድ ሰዓት ጨምሩ፤ ሚኒባሱ የሚነሣው ሰዓቱ ሲደርስ ሳይሆን ሲሞላ ነውና። በዚህ ስሌት ደሴ–ወልዲያ ሦስት ሰዓት ነው። ወልዲያ ላይ መኪና ቀይሮ የድልብን ዳገት መውጣት፣ ጋሸና ላይ ምናልባት እንደገና መቀየር፣ ከዚያ የመጨረሻዋ 64 ኪሎ ሜትር ወደ ላሊበላ። ከደሴ ንጋት 12 ሰዓት የተነሣ ሰው ሁሉም ከሰመረለት 10 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ቁርሱን አጣጥሞ የተነሣ ግን ጋሸና ይመሽበታል፤ ጋሸና ደግሞ ደጋ ናት፣ ብርዷ ለቀጭን ጃኬት አይመለስም። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ አዲስ የመኪና ጉዞ አይጀመርም። ለወሎ መንገድ የሚሆን ሕግ ከተፈለገ ይኸው ነው፤ በቀን አንድ ረጅም መንገድ፣ እሱም በጠዋት።

ስለዚህ ኪሎ ሜትሩን ተዉትና ማደሪያ ቁጠሩ። የሚሠራው ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል። ከአዲስ አበባ እሑድ ንጋት ተነሥቶ፣ ደብረ ብርሃንን፣ ጣርማ በርንና ከሚሴን አልፎ ኮምቦልቻ ማደር። ወደ 375 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለአንድ ቀን ይበቃል፤ የመጨረሻውን ዳገት ወደ ደሴ በድካም መውጣት አያስፈልግም። ሰኞ ባቲ፣ ማታ ደሴ። ማክሰኞ ጠዋት የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ፣ አይጠየፍን አይቶ፣ ከሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ላይ ወዳለው ሐይቅ ወጣ ማለት። ረቡዕ በውጫሌ በኩል ወልዲያ፣ ሐሙስ ላሊበላ፣ ዓርብና ቅዳሜ እዚያው፣ እሑድ በአውሮፕላን መመለስ። ስምንት ቀን መሆኑ ነው። ግሸንና መቅደላ አልገቡም፤ አይገቡምም። ለመቅደላ ከደሴ ወደ ተንታ፣ አጅባር ተብሎ ቢያንስ ሁለት ማደሪያ ይያዛል፤ አምባው ላይ ወጥቶ የሴባስቶፖልን መድፍ የሚያይ ሰው በእግሩ ነው የሚወጣው፣ ያውም ውኃውን ተሸክሞ። «ግማሽ ቀን ይበቃኛል» የሚለው ሰው አጅባር ሳይደርስ ግማሽ ቀኑ ያልቃል።

በራሱ መኪና የሚመጣ ሰው ደግሞ ቁልቁለቱን አይናቅ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ግን ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። ቁልቁለት በማርሽ ይወረዳል እንጂ በፍሬን አይወረድም። እግሩን ፍሬን ላይ ጭኖ የወረደ ሾፌር ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ይሸተዋል፤ ያኔ ዳር ይዞ፣ ጎማውን በድንጋይ አግዶ፣ እስኪበርድ መጠበቅ ብቻ ነው። በጋለው ፍሬን ላይ ውኃ መድፋት ዲስኩን ያጣምመዋል። ነዳጅም ደሴ ወይም ወልዲያ ላይ ሞልቶ ነው የሚወጣው፤ ወረፋ ካለም ወረፋው የዕቅዱ አካል ነው።

«ባቲ ገበያ ሁልጊዜ ይቆማል።» 

ሰኞ ነው። ማክሰኞ የሄደ ሰው የሚያየው ሜዳ ነው። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው ከነግመሉና ከነፍየሉ የሚገናኘው ሰኞ ብቻ ሲሆን፣ የሚደምቀውም ከረፋድ 4 እስከ 8 ሰዓት ነው። ከኮምቦልቻ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም መንገዱ ወደ ሚሌና ጅቡቲ የሚዘልቅ ስለሆነ የጭነት መኪና ይበዛበታል፤ 2 ሰዓት ላይ መነሣት ጥሩ ነው። ሰው ፎቶ ከማንሣት በፊት ይጠየቃል። አፋሩ «አይሆንም» ካለ አይሆንም ነው።

«የውጫሌ ውል የተፈረመው ውጫሌ ከተማ ውስጥ ነው።» አይደለም፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የተፈረመው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ቦታ ነው። ውጫሌ ላይ ወርዶ «አንቀጽ 17 የታለ?» ከማለት ይስማ ንጉሥ ብሎ ባጃጅ መጠየቅ ያዋጣል።

«ሐይቅ እስጢፋኖስ በቤተሰብ ይገባል።» ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም ሴት አያስገባም። ይህን በሩ ላይ የሚሰሙ እናቶችና እኅቶች ቀኑን ሙሉ ያኮርፋሉ፤ ጥፋቱ ግን ያቀደው ሰው ነው። እነሱ ሐይቁ ዳር የሚውሉበትን አስቀድሞ ማሰብ ነበረበት።

«ግሸንን የማየው በዓሉ ላይ ነው፣ ያኔ መኪና ይበዛል።» መኪናው የሚበዛውን ያህል ሰውም ይበዛል። አምባዋ በመስቀል ቅርጽ የተሠራች፣ መግቢያዋም አንድ በር ናት፤ መስከረም 21 ቀን ያ ሁሉ ሕዝብ በዚያችው ይገባል፣ በዚያችው ይወጣል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ጭቃውም አልደረቀም። ለበዓሉ የሚሄድ ሰው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ ወጥቶ ሜዳ ላይ ለማደር ብርድ ልብስና ስንቅ ይያዝ። አምባዋን በጸጥታ ማየት የፈለገ ኅዳርን ይምረጥ።

«ገና ታኅሣሥ 29 ነው።» ከአራት ዓመት በሦስቱ አዎ። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ነው፤ በ2016 እንዲያ ነበር፣ በ2020ም እንዲሁ ይሆናል። ለላሊበላ ገና ትኬት የሚቆርጥ ሰው አንድ ቀን ከተሳሳተ በዕለቱ የሚዘመረው ቤዛ ኩሉ አመለጠው ማለት ነው። ማደሪያውም ከወራት በፊት ነው የሚያዘው፣ ዋጋውም የሌላ ጊዜው አይደለም።

«አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት በሁለት ሰዓት ያልቃሉ።» የሚያልቀው ጉልበት ነው። ሁለቱ ምድቦችና ለብቻው የቆመው ቤተ ጊዮርጊስ በትንሹ አንድ ሙሉ ቀን ይወስዳሉ፤ እኩለ ቀን ላይ ስለሚዘጉ ቀኑ በሁለት ይከፈላል። ጫማ በየበሩ ይወልቃልና ማሰሪያ የሌለው ጫማና ወፍራም ካልሲ ይመረጣል። ቤተ ገብርኤል ወገን ያለው ዋሻ ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ ባትሪ ይያዝ። ይምርሐነ ክርስቶስ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ የራሱን ቀን ይፈልጋል።

«ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አይገኝም።» ወሎ ነው እንጂ! የሙስሊም ምግብ ቤት ይሠራል። ይልቅ በረመዳን ቀን በከሚሴ ወይም በባቲ ምሳ ፍለጋ የሚዞር ሰው ነው የሚቸገረው። ሥጋ ከማዘዝ በፊት ቤቱ የማን እንደሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ባለቤቱም አይቀየምም።

«ዝናብ ክረምት ብቻ ነው።» ወሎ በልግም አለው፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የጠጠር መንገድ በአንድ ሌሊት ሊበላሽ ይችላል።

«መንገዱ ክፍት ነው ብለውኛል።» መቼ? የመንገድ ወሬ ዕድሜው አንድ ቀን ነው። ባለፈው ሳምንት ዘመድ የነገረው ወይም ሆቴሉ በስልክ ያረጋገጠው አይቆጠርም። የሚጠየቀው በዋዜማው ማታ ከዚያው አቅጣጫ መናኸሪያ የገባ ሾፌር ነው፤ «ዛሬ ስንት ቦታ አስቆሟችሁ? በስንት ሰዓት አለፋችሁ?» ተብሎ። «ትንሽ ቆይታችሁ ብትሄዱ» ካለ ቆዩ። ለዚህ ሲባል ከስምንቱ ቀን ሌላ አንድ ባዶ ቀን ይያዛል። ያልታደሰ መታወቂያ ኬላ ላይ የሚያስወርደው ባለቤቱን ብቻ አይደለም፣ መኪናውን ሙሉ ያስቆማል።

«ቴሌብር ካለ ጥሬ ገንዘብ ለምን?» ኔትወርክ ሲጠፋ ገንዘቡም አብሮ ይጠፋልና። የሁለት ቀን ወጪ በዝርዝር ብር ይያዝ፤ ባለባጃጁም፣ ጫማ ጠባቂውም መልስ የላቸውም።

«አውሮፕላን ከያዝኩ ደረስኩ።» የላሊበላ ማረፊያ ከከተማው 23 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ወደ ደሴ የቆረጠም የሚወርደው ኮምቦልቻ ነው። ትኬቱ ላይ 07:30 የሚል ከተጻፈ ደግሞ በእኛ ከጠዋቱ 1:30 ነው፤ ማታ 1:30 መስሎት ቀኑን ገበያ ሲዞር የዋለ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎታል።