በጥንታዊ እንግሊዝኛ ቅጥያዎች የሚደረግ የቃላት ጨዋታ

እንግሊዝኛ ውስጥ በቃል መጨረሻ ላይ የምናገኛቸው «-ሁድ»፣ «-ሺፕ»፣ «-ስተር»፣ «-ሊንግ»ን የመሳሰሉ ድኅረ ቅጥያዎች ጥንት የየራሳቸው ትርጉም ነበራቸው፤ አንዳንዶቹም ለብቻቸው የሚቆሙ ቃላት ነበሩ። ዛሬ የብዙዎቹ ትርጉም ተረስቶ ድምፃቸው ብቻ ቀርቷል። የቃላት ጨዋታው በሁለት መንገድ ይሄዳል፦ ተጫዋቹ ወይ የታወቀ ቃል ፈትቶ ቅጥያውን በጥንቱ ትርጉም ያነበዋል፣ ወይ የተረሳውን ቅጥያ በዛሬ ቃል ላይ ቀጥሎ አዲስ ቃል ይሠራል። ሁለተኛው ይከብዳል፤ የጨዋታው ለዛም ያለው እዚያ ነው።

ጥንታዊ እንግሊዝኛ ከ5ኛው መቶ ዘመን አንሥቶ እስከ 12ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የተነገረ ነው። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እንደ «-ሜንት» እና «-ሽን» ያሉ ቅጥያዎች ከፈረንሳይኛና ከላቲን ገብተው የነባሮቹን ቦታ ወሰዱ። «-ነስ» እና «-ለስ» ግን እስከ ዛሬ ብዙ ቃል ላይ ይቀጠላሉ፤ «-ዶም» እና «-ስተር» አልፎ አልፎ አዲስ ቃል ይወልዳሉ፤ «-ሎክ»፣ «-ሬድ» እና «-ዝ» ከሞቱ ቆይተዋል። ለጨዋታ የሚመረጡት የሞቱት ናቸው። ሕያው ቅጥያ የሚሰጠው ተራ ቃል ስለሆነ ጨዋታ መኖሩን ማንም ልብ አይልም።

አማርኛ በ«-ነት» የሚጠቀልላቸው ሦስቱ

ብራዘርሁድ፣ ፍሪደም እና ፍሬንድሺፕ ወደ አማርኛ ሲመለሱ ወንድማማችነት፣ ነጻነት እና ወዳጅነት ይሆናሉ። የጥንቱ ተናጋሪ ግን ሦስቱን ለያይቶ ነበር የሚሰማቸው። «ሃድ» ማዕረግ፣ ደረጃ ወይም አካል ማለት ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ጽሑፎች ለክህነት ማዕረግም ለሦስቱ የሥላሴ አካላትም ገብቷል። «ዶም» ፍርድና ሥልጣን ነው፤ በ1086 የተጠናቀረው የእንግሊዝ የመሬትና የንብረት መዝገብ «ዱምስዴይ» የተባለው ውሳኔው እንደ ዕለተ ምጽአት ፍርድ ይግባኝ የለውም ለማለት ነው። «ሺፕ» ደግሞ «ቀረጸ፣ ፈጠረ» ከሚለው ግስ የመጣ ስለሆነ ከመርከብ ጋር አይገናኝም። ፍሬንድሺፕን «የወዳጆች መርከብ» ብሎ መፍታት ከዚህ ጨዋታ አይቆጠርም፤ የድምፅ መገጣጠም ብቻ ነውና።

የሴቶቹ ቅጥያ

በ«-ስተር» የሚያልቁት የጥንት ቃላት በመጀመሪያ ሙያተኛ ሴትን የሚጠሩ ነበሩ። ስፒንስተር ፈታይ፣ ዌብስተር ሸማኔ፣ ብሩስተር ጠማቂ፣ ባክስተር ጋጋሪ ናት። ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ቅጥያው ቶሎ ለወንድም መነገር ጀመረ፤ በኋላም የሴትነት ትርጉሙ ፈጽሞ ጠፋ። ከመጥፋቱም የተነሣ ልብስ ሰፊዋን ለመጥራት በ«-ስተር» ላይ የፈረንሳይኛውን የሴት ቅጥያ ደርበው ሲምስትረስ አሏት፤ ቃሉ ሴትነትን ሁለት ጊዜ ተሸክሟል። ዌብስተርና ባክስተር የቤተሰብ ስም ሆነው ቀሩ። ታዋቂው አሜሪካዊ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ኖኅ ዌብስተርም የሚጠራው በሸማኔ ሴት ስም ነው። ስፒንስተር ደግሞ ከሙያ ስምነት ወጥቶ ላላገባች ሴት የሕግ መጠሪያ ሆነ፤ በእንግሊዝና በዌልስ የጋብቻ መዝገብ እስከ 2005 ድረስ ይጻፍ ነበር።

እዚህ ላይ ተጫዋቹ አስቀድሞ የሚወስነው ነገር አለ። ኮድስተር የሚል ቃል ቢሠራ፣ በጥንቱ ሥርዓት ኮድ የምትጽፍ ሴት ናት፤ እንደ ጋንግስተር (ወሮበላ) ባሉ የኋላ ዘመን ቃላት ሥርዓት ግን ከኮድ ጋር የተያያዘ፣ ትንሽ የሚያጠራጥር ማንኛውም ሰው ነው። ሁለቱን በአንድ ዙር መቀላቀል ጨዋታውን ያበላሻል። ጾታ የማይነካ ቃል የፈለገ «-ራይት»ን ይውሰድ፤ ይኼኛው ሠሪ፣ አናጺ ማለት ነው። ፕሌይራይት ቴአትር የሚሠራ ሰው ነው፤ ድምፁ «ጻፈ» ከሚለው ግስ ጋር ስለሚገጥም ብዙዎች በፊደል አጻጻፉ ይሳሳታሉ።

ራሱ ጨዋታ የሆነው ቅጥያ

«-ሎክ» በጥንት አጠራሩ «ላክ» ሲሆን፣ ለብቻው ሲቆም ጨዋታ፣ ፍልሚያ፣ ስጦታና መሥዋዕት ማለት ነበር። ቅጥያ ሲሆን ድርጊትን ይጠራል። መዋጋትም ዝርፊያም ጥንት በእርሱ የሚያልቁ ስሞች ነበሯቸው፤ ዛሬ በተለመደው እንግሊዝኛ የቀረው ዌድሎክ፣ ጋብቻ፣ ብቻ ነው። «ዌድ» ቃል ኪዳን ነውና ዌድሎክ ቃል ኪዳን መግባት ነው እንጂ ቁልፍ የለበትም። ዋርሎክ የሚለው የወንድ ጠንቋይ መጠሪያ መንትያው ይመስላል፤ ግን ከሌላ ሥር የመጣና ጥንት ቃል ኪዳን አፍራሽ ማለት የነበረ ነው። ሁለት ተቃራኒ ቃላት በጆሮ እንዲህ መቀራረባቸው ከእንግሊዝኛ ውብ አጋጣሚዎች አንዱ ነው።

በ«-ሎክ» የሚሠራ አዲስ ቃል የሚወድቀው በመቆለፊያው «ሎክ» ምክንያት ነው። ስክሪን ላይ ማፍጠጥን ስክሪንሎክ ብትሉት ሰሚው ስልኩ የተቆለፈ ይመስለዋል። መፍትሔው ሊቆለፍ የማይችል ነገር መምረጥ ነው፤ ጎሲፕሎክ፣ የሐሜት ሥራ፣ ያለ ችግር ይሄዳል።

በ«-ዝ» ቃል አሠራር

ዋርምዝ (ሙቀት)፣ ዴፕዝ (ጥልቀት)፣ ፊልዝ (ቆሻሻ)፣ ስትሬንግዝ (ብርታት) ላይ ያለው «-ዝ» ከቅጽል ስም ያወጣል። ሥራው በአራት ደረጃ ይከናወናል። አንደኛ፣ አንድ ክፍለ ቃል ብቻ ያለው ነባር የእንግሊዝኛ ቅጽል ይመረጣል፤ ከላቲን የመጣ ረጅም ቃል አይሸከመውም። ሁለተኛ፣ አናባቢው ይለወጥ እንደሆነ ይታያል። ሎንግ (ረጅም) ሌንግዝ (ርዝመት)፣ ፋውል (ቆሻሻ የሆነ) ፊልዝ የሆኑት ጥንት በቅጥያው ውስጥ የነበረው የ«ኢ» ድምፅ ከፊቱ ያለውን አናባቢ ወደ አፍ ፊት ስለሳበው ነው። ሦስተኛ፣ ቃሉ ጮክ ተብሎ ይነገራል፤ ምላስ ከተያዘ ይጣላል። አራተኛ፣ ያለ ማብራሪያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይገባል። ትርጉሙ ካልገባ ቃሉ አልተሳካም።

ይህን ትልልቅ ጸሐፊዎችም ሞክረውታል። ሆራስ ዋልፖል በ1753 ግሉምዝ እና ግሪንዝ የሚሉ ቃላት ፈጠረ፤ የመጀመሪያው ድንግዝግዝታ፣ ሁለተኛው ልምላሜ ነው። ጆን ራስኪን በ19ኛው መቶ ዘመን ዌልዝን (ሀብትን) ገልብጦ ኢልዝ አለ፤ ሰውን የሚጎዳ ሀብት ለማለት ነው። የራስኪኑ ይበልጣል፤ ተቃራኒው በሰሚው ጆሮ አስቀድሞ ስላለ ቃሉ ወዲያው ይገባል።

ትንሹ «-ል»

ስፓርክ ብልጭታ ነው፤ ስፓርክል ደጋግሞ መብለጭለጭ። አማርኛ «ሰበረ»ን «ሰባበረ» ብሎ የሚገልጸውን ድግግሞሽ እንግሊዝኛ በዚህች «-ል» ያደርገዋል፤ ክራክና ክራክል፣ ዴዝና ዳዝል እንዲሁ ናቸው። የኮምፒውተር አይጥን (ማውስን) በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ መጫን ክሊክል ቢባል ሕጉን ጠብቋል። ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ መሣሪያን የሚጠራ «-ል» በመኖሩ ነው፤ ስፒንድል መፍተያው እንዝርት፣ ሌድል መጭለፊያው ጭልፋ ነው። ስለዚህ አዲሱ ቃል እንደ ግስ እንዲገባ ዐረፍተ ነገሩ ግስነቱን ማሳየት አለበት።

ስሕተት የወለዳቸው

«-ሊንግ»ም ሁለት ነው። አንዱ ዳክሊንግ (የዳክዬ ጫጩት) ላይ እንዳለው ትንሽነትን ይናገራል፤ በእንግሊዝ የዶርሴት አውራጃ ገጣሚ የነበረው ዊልያም ባርንስ (1801–1886) የሕፃን ጋሪን «ፑሽ ዌይንሊንግ»፣ የሚገፋ ትንሽ ጋሪ፣ ያለው በዚህኛው ነው። ሌላው ተውሳከ ግስ የሚያወጣ ነበር። ግሮቭሊንግ «በግንባር ተደፍቶ» ማለት ሲሆን፣ መጨረሻው የግስ ቅርጽ ስለመሰላቸው ሰዎች ቆርጠው ግሮቭል የሚል ግስ አወጡ፤ ሳይድልም (በጎን መሄድ) ከሳይድሊንግ በዚሁ መንገድ ወጣ።

ከሁሉም የሚያስደንቀው «-ኤልስ» ነው። እንቆቅልሽ ማለት የሆነው ሪድል ጥንት መጨረሻው ላይ የ«ስ» ድምፅ ነበረው፤ የብዙ ቁጥር ምልክት መስሏቸው ጣሉት። ቤሪያልም፣ ቀብር፣ እንዲሁ «ስ»ውን አጥቶ ከላቲኑ «-አል» ጋር ተመሳሰለ።

አዲስ ቃል ሠርቶ የጨረሰ ሰው ወደ ታሪካዊ መዝገበ ቃላት መሄድ ይኖርበታል፤ ፈጠርኩት ያለው ቃል ቀድሞ የነበረ ሊሆን ይችላል። በ«-ሬድ» የሚያልቀው ፍሬንድሬድ ዛሬ አዲስ ይመስላል፣ ጥንታዊ እንግሊዝኛ ግን በዚሁ ቅጥያ የተሠራ ወዳጅነት ማለት የሆነ ቃል ነበረው። የሞተ ቃል ማንሣትም ይሳካል። ሲብሊንግ ጥንት ዘመድ ማለት ነበር፤ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠፍቶ ከቆየ በኋላ በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ የሳይንስ ሰዎች የአንድ ወላጅ ልጆችን ለመጥራት መልሰው አመጡት፤ አሁን በየቅጹ ላይ ይሞላል።