«ዓይን ሳላችሁ አታዩምን?»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በቤተ ሳይዳ የዳነውን ዕውር ታሪክ የጻፈልን ወንጌላዊው ማርቆስ ብቻ ነው (8፥22-26)። ጌታችን እጁን ይዞ ከመንደር አወጣው፤ በዓይኑ ተፍቶበት እጁንም ጭኖበት «አንዳች ታያለህን?» አለው። ሰውየውም «ሰዎች እንደ ዛፍ ሲመላለሱ አያለሁ» አለ።

እስቲ ይህችን መልስ ልብ እንበላት። ብርሃን ገብቶለታል፣ ቁመትም እንቅስቃሴም ይታየዋል። ያየውን አጥርቶ መለየት ግን ገና ነው። ሐኪሞችም የሚነግሩን ከዚህ አይርቅም፦ ብርሃን በብሌናችን አልፎ በዓይናችን የኋላ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ምስሉ የተገለበጠ ነው። በነርቭ ተጉዞ አንጎል ሲደርስ ነው «እናቴ ናት»፣ «በር ነው» የምንለው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር የነበረ ሰው ጎልምሶ ቢበራለት፣ ቀለሙን እያየ የቤተሰቡን ፊት ለመለየት ይቸገራል። ዓይን ያቀብላል እንጂ አይፈርድም።

ጌታ ዳግመኛ እጁን ጫነበት፤ ያን ጊዜ አጥርቶ አየ። ኃይል አንሶት ነው እንዳንል ጥቂት ቁጥሮች ወደ ኋላ እንመለስ። ደቀ መዛሙርቱ በታንኳ ሳሉ እንጀራ የለንም ብለው ይነጋገሩ ነበር። አምስቱ እንጀራ 5000 ሰው ሲያጠግብ አይተዋል፤ 12 መሶብ ቍርስራሽም አንሥተዋል። ሕዋሳታቸው አልጎደሉም። ጌታ የጠየቃቸው «ልባችሁስ ደንዝዞአልን?» ብሎ ነው።

የሔዋን ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስፈራኛል። ዛፉ ያን ቀን አልበቀለም፤ ዓይኗም ያው ዓይኗ ነበር። በጆሮዋ የእባቡ ቃል ከገባ በኋላ ግን «ለዓይንም እንደሚያስጎመጅ» አየች (ዘፍ. 3፥6)። እኛም ስለ አንድ ሰው ሐሜት ሰምተን ካደርን፣ በማግስቱ ሰላምታው ሳይቀር ንቀት ይመስለናል። ሰውየው አልተለወጠም። በጾም «ዓይን ይጹም፣ አንደበት ይጹም፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም» እያልን መዘመራችን ለዚህ ነው፤ አንዱ ሳይጾም ሌላው አይጾምምና።

በቅዳሴም ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ብሎ ያስነሣናል፤ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ብሎ ወደ ምሥራቅ ይመልሰናል፤ ከዚያም «ንነጽር» (እናስተውል) ይላል። ዓይን ኅብስትና ወይን ያቀብላል፤ ከዚያ ወዲያ መሄድ አይችልም። ካህኑ «አአምን አአምን አአምን ወእትአመን» (አምናለሁ፣ አምናለሁ፣ አምናለሁ፣ እታመናለሁም) ሲል፣ ዓይን ያልደረሰበትን ሥጋውንና ደሙን በእምነት የሚቀበለው ልብ ነው። ያ ልብ በምን ተሞልቶ መጣ? እሑድ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ በመንገድ የምናወራውን ወሬ እንተወው፤ በጆሮ የገባው እስከ ቤተ መቅደሱ ድረስ ተከትሎን ይገባል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።