«አታካብድ፣ እርሳው» ለሚሏችሁ፦ ዓይን ውስጥ ስለሚንሳፈፉ ነጥቦች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

መጀመሪያ ያየኋት መስከረም ላይ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ጥርት ብሏል። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ቀና ስል አንዲት ግራጫ ክር ዓይኔ ፊት ተንጠለጠለች። ዓይኔን አሸሁ። መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩና መልሼ አደረግኩት። አለች። ወደ ቀኝ ስመለከት አብራኝ ትሄዳለች፣ ስቆም ደግሞ ትንሽ አልፋ ትሄድና ቀስ እያለች ትመለሳለች። ያኔ 24 ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለአምስት ወር ያህል ሰማይ ማየት ፈራሁ።

ሐኪሞች ፍሎተርስ ይሏቸዋል። ነጥብ፣ ክር፣ የሸረሪት ድር ወይም ትንሽ ትል ይመስላሉ። በነዚያ ወራት ከቤተሰብም ከጓደኛም ከኢንተርኔትም ብዙ ነገር ሰማሁ። አብዛኛው ስህተት ነበር፣ አንዳንዱም ከነጥቦቹ በላይ ጎድቶኛል።

«ቆሻሻ ገብቶብህ ነው፣ ታጠበው»

ነገርየዋ ዓይን ላይ ሳትሆን ዓይን ውስጥ ናት። የዓይናችን ውስጥ በአብዛኛው ቪትሪየስ በሚባል ጄል የተሞላ ነው። ጄሉ ከ98 በመቶ በላይ ውኃ ነው፣ የቀረው በጣም ቀጫጭን የኮላጅን ክሮችና ሌሎች ነገሮች ናቸው። ጊዜ ሲሄድ ጄሉ እየቀጠነ ይመጣል፣ ክሮቹም እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ብርሃን ሲገባ የተጣበቁት ክሮች ጥላቸውን ከዓይን ኋላ ባለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ማለትም ሬቲና ላይ ይጥላሉ። እኛ የምናየው ያንን ጥላ ነው።

ስለዚህ ውኃም፣ ካሮትም፣ ከፋርማሲ የሚገዛ ጠብታም አያጠፋውም። ጠብታውን በተመለከተ ግን አደራ እላችኋለሁ። ስቴሮይድ ያለበትን የዓይን ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ መጠቀም የዓይን ግፊትን ከፍ አድርጎ ዕይታን የሚያሳጣውን ግላኮማ ሊያመጣ ይችላል፣ ሞራም እንዲሁ። ምንም ያልሆነን ዓይን በገዛ እጅ ማበላሸት ነው።

«ይሄማ የሽማግሌ በሽታ ነው»

ከ50 ዓመት በኋላ ይበዛል፣ እውነት ነው። ግን የቅርብ እንጂ የሩቅ የማያይ ሰው፣ ማለትም እንደኔ ማይነስ መነጽር የሚያደርግ፣ ዓይኑ ከኋላ ረዘም ያለ ስለሆነ ጄሉ ቀደም ብሎ ይቀጥናል። በሃያዎቹ ዕድሜ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። እኔን የጎዳኝ ይህን አለማወቄ ነው። ሰውነቴ ያለ ጊዜው ያረጀ መስሎኝ ማታ ማታ ሆዴ ባር ባር ይል ነበር።

«ዓይነ ጥላ ነው»

ይህን ያለችው እናቴ ናት። ዓይነ ጥላ ሰውን ተጠግቶ ዕድሉን ያበላሻል የሚባል መንፈስ ነው። እኔም «እማዬ፣ ዓይኔ ላይ ጥላ አያለሁ» ስላት ሌላ ምን ታስብ? አብሬያት ጸበል ሄድኩ፣ ልቤም ተረጋጋ። ይህን አላቃልልም። ጥላው ግን የኮላጅን ክር ጥላ ነው፣ የማንም እርግማን አይደለም፣ በሠራችሁት ኃጢአትም የመጣ አይደለም። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ ምርመራውን ግን በዚያ ምክንያት አያዘግይ። ቅጠል ጨምቆ ዓይን ውስጥ መጨመር ደግሞ ፈጽሞ አይሞከር፤ ዓይንን ሊያሳውር ይችላል።

«ልትታወር ነው»

ኢንተርኔት ላይ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የሚያስፈራችሁ ይሄ ነው። አብዛኞቹ ነጥቦች ጉዳት የላቸውም። ሆኖም አንዳንዴ ከጀርባቸው የሬቲና መቀደድ ወይም መላቀቅ፣ የደም መፍሰስ ወይም የዓይን ውስጥ መቆጣት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ያያችሁ ጊዜ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ተደርጎ ሬቲናችሁ በደንብ ይታይ። ከጠብታው በኋላ ለጥቂት ሰዓት ብርሃን ያስቸግራል፣ ቅርብም ይደበዝዛል፣ መኪና አትንዱ።

በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም የሚያስሮጡት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ በድንገት ብዙ አዳዲስ ነጥቦች ሲዘንቡ፣ እንደ መብረቅ ብልጭ ብልጭ ሲል፣ ከአንድ በኩል ጥቁር መጋረጃ ሲወርድ፣ ዕይታ ድንገት ሲቀንስ፣ ወይም ነጥቦቹ ከዓይን መቅላትና ሕመም ጋር ሲመጡ። «ነገ ይሻለኛል» አይባልም። የተቀደደ ሬቲና ሳይላቀቅ ከተደረሰበት በሌዘር ይያዛል።

«ስልክና ኮምፒውተር ነው ያመጣብህ»

አይደለም። ነጭ ስክሪን የነበረውን ያሳያል እንጂ አይፈጥርም። ስክሪኑን ጨለም ማድረግና ውጭ የፀሐይ መነጽር ማድረግ ግን ብዙ ያግዛል።

«ትንሽ ነገር ነው፣ አታካብድ»

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2011 ከሲንጋፖር በወጣ ጥናት 266 ታካሚዎች ተጠይቀው ነበር። ከነጥቦቹ ለመገላገል በአማካይ ከቀሪ ዕድሜያቸው ከየ10 ዓመቱ 1.1 ዓመት ለመስጠት ፈቃደኛ ነበሩ። በዕድሜ የሚያንሱት ደግሞ ለመታወር አደጋ እንኳ ራሳቸውን ለማጋለጥ ከትልልቆቹ ይበልጥ ዝግጁ ነበሩ። አንድ ዓመት ከምናምን ዕድሜ! እንዲህ የሚል ሰው አካባጅ አይደለም። ሌላው ሰው የማያየውን ነገር ቀኑን ሙሉ ማየት፣ «ዓይንህ ደህና ነው» ተብሎ ከክሊኒክ ወጥቶ በሩ ላይ እንደገና ያንኑ ክር ማየት፣ ከዚያም የሚያምናችሁ ማጣት ከባድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማዘን፣ መናደድ፣ የድሮውን ጥርት ያለ ሰማይ መናፈቅ የሚጠበቅ ነው። ሐዘኑ ከሳምንታት አልፎ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለ፣ ሥራ ካስቀረ፣ ወይም መኖር ካስጠላ ግን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ መሄድ ያስፈልጋል። ጭንቀትና ድባቴ ነጥቦቹ ሳይጠፉም ይታከማሉ።

«ዝም ብለህ እርሳው»

ቢቻል ማን ይጠላ ነበር? ትእዛዝ ሰጥቶ መርሳት የለም። ግን አንጎል በራሱ ጊዜ ይለምዳል። የሬቲናችን የደም ሥሮች ብርሃን ከሚቀበሉት ሴሎች ፊት ነው ያሉት፣ ጥላቸውም ዕድሜ ልክ እዚያው አለ፤ ግን አናያቸውም፣ ምክንያቱም አንድ ቦታ የቆመን ነገር ዕይታችን ይተወዋል። ነጥቦቹ ስለሚንቀሳቀሱ እነሱን መልመድ ወራት ይፈጃል፣ ሙሉ በሙሉም ላይጠፉ ይችላሉ።

እኔን ያዘገየኝ ፍተሻው ነው። በየጠዋቱ የመታጠቢያ ቤቱ ነጭ ግድግዳ ፊት ቆሜ አንዱን ዓይን ሸፍኜ በሌላው እቆጥር ነበር። ጨምሯል? ጨለም ብሏል? በቆጠርኩ ቁጥር አንጎሌ «ይህ ጠቃሚ ነገር ነው፣ ጠብቀው» ብሎ ይማራል። መቁጠሩን ለመተው ስሞክር የመጀመሪያው ሳምንት አስጨነቀኝ፣ እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ዓይኔ ይሄድ ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ ቀለለ። ስለ ፍሎተርስ ማንበቡንም አቆምኩ። ወንበሬን ከመስኮት ፊት አዞርኩ፣ ያቆምኩትን የጠዋት ሩጫ ከነክሬ ጀመርኩ። አንድ ቀን ማታ ላይ «ዛሬ አላየኋትም እንዴ?» አልኩ። ሳስባት ወዲያው መጣች፣ ግን ቀኑ ሙሉ ያለ እሷ አልፎ ነበር።

«ኦፕራሲዮን አድርገህ ተገላገል»

ጄሉን የሚያወጣ ቪትሬክቶሚ የሚባል ቀዶ ጥገና አለ፣ ይሠራልም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሞራ ያስከትላል፣ ሬቲና መቀደድና ኢንፌክሽንም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች ለወጣት ዓይን ይጠነቀቃሉ። ነጥቦቹን የሚበታትን ሌዘርም አለ፣ ግን የወጣቶች ነጥቦች ብዙ ጊዜ ለሬቲና በጣም ቅርብ ስለሆኑ አይመች ይሆናል። ሕይወቱ በእውነት የተሰናከለበት ሰው ከሬቲና ሐኪም ጋር ቁጭ ብሎ ይመካከር። በተጨነቃችሁበት ወር ግን አትወስኑ።

እናቴ አሁን ምልክቶቹን በቃሏ ታውቃለች። እሑድ እሑድ ትደውልና «ልጄ፣ ብልጭታ አለ? መጋረጃ አለ?» ትለኛለች። «የለም እማዬ» እላለሁ። «ተመስገን፣ በል ምሳህን ብላ» ትለኝና ወደ ሌላ ወሬ እናልፋለን።