ማጀንታ ቀለም ነው ወይስ ከተማ?

ደብረ ማርቆስ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት «ማጀንታ አልቋል» ተባልኩ። ምንድን ነው ስል «ቀይ ነዋ!» አለኝ ልጁ።

ስሙ የጣሊያን ከተማ ነው። በ1859 እ.ኤ.አ. ቬርጊን የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ሊዮን ውስጥ አኒሊን ከተባለ ኬሚካል ሐምራዊ የሚመታ ደማቅ ቀይ ማቅለሚያ ሠራ። አኒሊን ያኔ የሚወጣው ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ ነበር፤ ከዚያ ጥቁር ዝቃጭ እንዲህ ያለ ቀይ መውጣቱ እስካሁን ይገርመኛል። መጀመሪያ «ፉክሲን» ተባለ። በዚያው ዓመት ፈረንሳይና ሰርዲኒያ ማጀንታ ላይ ኦስትሪያን ስላሸነፉ የድሉ ስም ተለጠፈበት።

«ኮንጎ ቀይ» የሚባለው ማቅለሚያ ስም ደግሞ ይብሳል። ቦቲገር የተባለ ጀርመናዊ የሠራው ነው፤ ከኮንጎ ጋር አይተዋወቅም። አውሮፓውያን ስለ ኮንጎና ስለ አፍሪካ ቅርምት የመከሩበት የበርሊን ጉባኤ ወሬ በየጋዜጣው ስለነበር ስሙ ለገበያ ተመረጠ። ለጥለት ክር ግን አልመክረውም፤ አሲድ ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል።