አደይ፣ መጭና ኑግ፦ በጎንደር ዙሪያ ቢጫ አበቦችን መለየት

መስከረም ሲጠባ የጎንደር ዙሪያ ቢጫ ይለብሳል። ከቁስቋም እስከ አዘዞ የመንገዱ ዳር፣ የእርሻው ድንበር፣ የአጥሩ ሥር ያብባል። ከተማ ያደገ ሰው ሁሉንም «አደይ» ብሎ ያልፋል። ገበሬውና ንብ አናቢው ግን ለይተው ይጠሯቸዋል፦ አደይ፣ መጭ፣ ኑግ።

ሦስቱም ከሱፍ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። አንድ አበባ የሚመስለን ነገር የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። ዙሪያውን የተዘረጋው እያንዳንዱ ቢጫ «ቅጠል» ራሱን የቻለ አበባ ነው። ብዛቱ በሦስቱም አብዛኛውን ጊዜ 8 ገደማ ስለሆነ መቁጠር ብዙ አይረዳም። ጫፉን ማየት ይሻላል። የኑግና የመጭ ጫፍ በመቀስ ሁለት ቦታ የተነካ ይመስል ሦስት ጥርስ አለው። የአደይ ጫፍ እንዲህ ጎልቶ አልተከፈለም።

ከዚያ አበባውን ገልብጡት። እኔ ከሁሉ የምተማመነው በዚህ ነው። ኑግና መጭ ከጀርባቸው 5 ሰፋ ሰፋ ያሉ አረንጓዴ ቅጠሎች ደግፈው ይይዟቸዋል። የአደይ ግን ጠባብ ጠባብ ናቸው። አረንጓዴው ቅጠልም ይመሰክራል፤ የአደይ ስንጥቅጥቅ ያለ ነው፣ የኑግ ደግሞ ጦር መስሎ ሳይሰነጠቅ ግንዱን ያቅፋል።

የአደይ ሳይንሳዊ ስም ቢደንስ ነው፤ በላቲን «ሁለት ጥርስ» ማለት ሲሆን በወገኑ ዘሮች ጫፍ ላይ ካሉት እሾሆች የመጣ ነው። በደጋው የምናውቀው አንደኛው ዓይነት ማክሮፕቴራ ይባላል፣ «ትልቅ ክንፍ» እንደማለት።

ከባዱ ኑግንና መጭን መለየት ነው፤ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸውና። መጭ ሳይዘሩት በማሳ የሚበቅል አረም ነው። ሲዳሰስ ሻካራ ነው፣ ዘሩም ከኑግ ያንሳል። ኑግ ግን በክረምት ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚታጨድ ሰብል ነው። ጥቁር አብረቅራቂ ፍሬው ከ30 በመቶ በላይ ዘይት አለው፣ በጾም ወራት ደግሞ ተቆልቶና ተወቅጦ ለምግብ ይሆናል።

ንቦች ሦስቱንም ይቀስማሉ። የጥቅምትና የኅዳር ማር የሚሠራው በአብዛኛው ከእነዚህ ነው። አደይ ቶሎ ይረግፋል። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ከጎንደር ወጣ ብሎ ሰፊ ቢጫ ማሳ ያየ ሰው፣ ያየው አብዛኛውን ጊዜ ኑግ ነው።